በአንድ ልደት ሁለት ልጅ ስለ ማቅረባችን

ለተከበሩ የልደትና የዜግነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን ጎንበስ ብዬ አቀርባለሁ። እንዴት ሰነበቱ? ወገብዎን ተሻለዎት ወይ? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ባለፉት ዓመታት እርስዎን ፍለጋ በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ «ኃላፊው ወገባቸውን አሟቸው ሐኪም ዘንድ ሄደዋል» እያለች ስትመልሰኝ ስለኖረች፣ ከገዛ ወገቤ ይልቅ የእርስዎ ያሳስበኝ ጀምሯል። ሙሉ ጤና፣ ረጅም ዕድሜና የሚመች ወንበር እመኝልዎታለሁ።

እኔ መስታወት ቆራጭ ነኝ። የጽሕፈት ቤትዎን የአገልግሎት መስኮቶች የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ከታች በኩል ያለችውን ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ቀዳዳም የቆረጥኩት እኔው ነኝ። ከእርስዎ በፊት የነበሩት ኃላፊ እጅ የምታስገባ፣ ጭንቅላት ግን የማታስገባ ትሁን ብለው ስላዘዙኝ ልክ እንዳዘዙኝ አድርጌ ሠራኋት። ያን ጊዜ ገና አላገባሁም ነበርና ከየትኛው ወገን ቆሜ እንደምጠቀምባት አላሰብኩም።

ደብዳቤዬን በግልጽ ያወጣሁት በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸውን ለመክፈት ጊዜ እንዳነሰዎት ስለተረዳሁ ነው። የተከፈተ ደብዳቤ ቢያንስ የመክፈቱን ድካም ይቀንስልዎታል። በቁጣ የተጻፈም አይምሰልዎት። ቁጣ ጉልበት ይፈልጋል፤ እኛ ቤት ያ ካለቀ ቆይቷል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ በቁጥር አቀርብልዎታለሁ።

አንደኛ። ባለቤቴ መንታ ሴቶች ልጆች የወለደችው ቀኗ ሳይደርስ ነው። ፊት የወጣችው ደህና ክብደት ስለነበራት ከእናቷ ጋር ወደ ቤት መጣች፤ ድምቡሼ አልናት። ተከትላ የመጣችው ግን ከመዳፌ ብዙም የማትበልጥ ስለነበረች ሐኪም ቤቱ ማሞቂያ ክፍል አስቀራት፤ ሚጢጢ አልናት። በቤት ስማቸው የምጠራቸው ለማቆላመጥ ብዬ አይደለም። የአንደኛዋ የመዝገብ ስም እርስዎ ዘንድ ተሰርዟል፣ የሁለተኛዋ ደግሞ ተጽፎ አያውቅም፤ ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ ያልነካው ስማቸው ይህ ብቻ ነው።

ልደት ሳይዘገይ መመዝገብ እንዳለበት የሚናገረውን ማስታወቂያ በየግድግዳው አንብቤ ነበርና፣ ባለቤቴ ገና በወጉ መቀመጥ ሳትችል፣ ድምቡሼን እንዳቀፈች ይዣት መጣሁ። የመዝገቡ ሠራተኛ ሕፃኗን ወደ መስታወቱ ከፍ እንድናደርግለት ጠየቀ፤ ከፍ አደረግናት። አያት፤ ፎቶ አንሥቶ ጻፋት። እህት አለቻት፣ ሐኪም ቤት ናት ብዬ ብነግረው፣ በቅን ልብ «እኔ የማየውን ነው የምመዘግበው፤ ስትወጣ አምጧት» አለኝ። ከዚያም መንታ ወይስ ነጠላ በሚለው ጥያቄ ላይ፣ ፊቱ ያለችው አንዲት ናትና፣ ነጠላ የሚለውን መረጠ። ጥፋቱ የእሱ ነው አልልም። ሰው ካየው በላይ እንዲያምን የሚያስገድድ ሕግ የለም።

ሚጢጢ ክብደት ጨምራ ስትወጣ ሁለቱንም ታቅፈን ተመለስን። መስኮቱ ላይ ሌላ ሠራተኛ ተቀምጧል። የእናት ስም፣ የአባት ስም፣ የተወለደችበትን ቀን ጠይቆ ኮምፒዩተሩን ነካካና ልጅቷ ተመዝግባለች አለን። የተመዘገበችው ይህችኛዋ ናት ብላ ባለቤቴ ድምቡሼን ከፍ አደረገች። ሰውየው መዝገቡ ላይ ያለውን ፎቶግራፍና ሁለቱን ሕፃናት ሲያፈራርቅ ቆየና «የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች በምን አወቁ?» ሲል ጠየቃት። ባለቤቴ እስከ ዛሬ በምን እንደምታውቅ አታውቅም፤ ታውቃለች እንጂ።

ማስረጃ ከሐኪም ቤት አምጡ ተባልን። ማዋለጃ ክፍሉ ለዚህች እናት አንድ ወረቀት ሰጥቻለሁ፣ ሁለተኛ አልሰጥም አለ። የሕፃናት ክፍሉ ደግሞ እኔ አሳከምኩ እንጂ አላዋለድኩም አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ኮሪደር በጣም አጭር ነው፤ ልጄ የጠፋችው እዚያ ኮሪደር ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በኋላ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ያደረግነውን ምልልስ አልዘረዝርም፤ ደጅ ጥናት ታሪክ የለውም፣ ወንበር ብቻ ነው ያለው። ሚጢጢ የመጀመሪያ ጥርሷን ያወጣችው እዚያ ነው፤ መናገር የጀመረችውም እዚያው ሲሆን፣ አንደኛው ቃሏ «እማ» ሆኖ ሁለተኛው «ቀጣይ!» ነበር። ተራ ጠሪውን ሰምታ ነው። ልጄ በሕዝብ አገልግሎት መካከል በማደጓ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። ትምህርት ቤት የገቡት በርእሰ መምህርቷ ደግነት ነው፤ በሚጢጢ ስም አንጻር «ማስረጃዋ ይመጣል» ብለው ጻፉላት። እየመጣ ነው ሲባል ከክፍል ክፍል አለፈች። ድምቡሼ ደብተር የምትወድ ልጅ አልነበረችም፤ ከትምህርት ቤት መልስ እኔ ጋ መጥታ መስታወት ታጸዳለች፣ በመስታወቱ ዙሪያ የሚገባውን ጎማ ትገጥማለች፣ ደንበኛ ታሥቃለች። ሚጢጢ ግን ከመጽሐፍ ላይ ቀና የምትለው እናቷ ስትጠራት ብቻ ነው። ብሔራዊ ፈተናው ሲደርስ የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው አይመዘገብም የሚል መመሪያ መጣና ወደ እናንተ መጣን። ልደቷ ያልተረጋገጠ ሰው ዜግነቱም አይረጋገጥም ተባልን፤ ይህም ልክ ነው። መፍትሔ ግን አላጣችሁልንም፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ወዳለው የውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ ክፍል መራችሁን።

እዚያ የተቀበለችን ሴት ትሑት ነበረች፤ ለባለቤቴ ውኃ ሁሉ አቅርባላታለች። ልጅቷ ከየት አገር እንደመጣች፣ መቼ እንደገባች፣ በየትኛው መግቢያ በኩል እንደገባች በተራ ጠየቀችን። ባለቤቴ ብዙ ቃል የማትወድ ሰው ናት። ያን ዕለት ግን፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «በእኔ በኩል ነው የገባችው» አለች። ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀመጠችና እንዲህ ያለ መግቢያ ከተፈቀዱት ውስጥ እንደሌለ በትሕትና አስረዳችን። ወደ ቤት ስንመለስ ሚጢጢ ከኋላችን ራቅ ብላ ትሄድ ነበር። ዘወር ብዬ ባየኋት ቁጥር፣ መንገድ አሳዩኝ ብሎ እንደተጠጋ እንግዳ፣ የምንቆምበት ላይ ትቆማለች፣ ስንሄድ ትሄዳለች።

በዚያ ሳምንት እራት ላይ ድምቡሼ ወረቀቷን አውጥታ እህቷ ፊት አስቀመጠችው። «አንቺ ተፈተኚበት። ፎቶው ላይ ያለው ፊት እንደሆነ ያንቺም ነው» አለቻት። ሚጢጢ አልነካችውም። እኔም አባት ነኝና አይሆንም ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። እናትየው ሳህኖቹን ሰብስባ ተነሣች። ስትመለስ ወረቀቱ ከጠረጴዛው ላይ አልነበረም፤ ማንኛችንም የት ሄደ ብለን አልተጠያየቅንም። ይህን አሁን የምነግርዎት ልናዘዝ ብዬ አይደለም፤ ከእኔ በፊት ዐቃቤ ሕግ አሳምሮ ጽፎታል።

ሚጢጢ በእህቷ ስም ተፈትና አለፈች፤ በእህቷ ስም ሌላ ከተማ ኮሌጅ ገባች። የደረሳት አዋላጅ ነርስነት ነበር። ዕድሉ ሲወጣ ድምቡሼ ሆዷን ይዛ ሣቀች፤ እኛም ሳንወድ በግድ ሣቅን። ኋላ ላይ ለተግባር ልምምድ ስትወጣ፣ ለሚወለዱት ሕፃናት የልደት ማስታወቂያ በእጇ እየጻፈች ለእናቶቻቸው ትሰጥ እንደነበር አጫወተችኝ። መንታ የመጣ ዕለት፣ የሁለቱንም ወረቀት ጽፋ እናትየው እጅ ላይ ሳታስጨብጥ ምሳ አትወጣም ነበር። በእሷ ተራ አንድም ሕፃን ኮሪደር ላይ አልቀረም። ጽሕፈት ቤትዎ እነዚያን ወረቀቶች ሁሉ ተቀብሎ መዝግቧል፤ ስለ እነሱ ጥያቄ ተነሥቶ እንደሆነ ግን አልሰማሁም።

ወረቀቱ ከሚጢጢ ጋር ስለሄደ ድምቡሼ በፈንታዋ ወረቀት አልባ ሆነች። አልከበዳትም። መስታወት መታወቂያ አይጠይቅም ትል ነበር።

ሦስተኛ። መስታወታችንን የሚያመላልስልን የጭነት መኪና ሹፌር አለ፤ ዝምተኛ፣ ጭነቱን እንደ እንቁላል የሚይዝ ሰው። ከድምቡሼ ጋር ተዋደዱ፤ ሽማግሌ ላከ፤ ሰጠነው። ጋብቻቸውን እናንተ ዘንድ ለማስመዝገብ የሙሽራዋ መታወቂያ ያስፈልግ ነበር፤ በወረቀቱ የወጣው መታወቂያ ደግሞ ከሚጢጢ ጋር ኮሌጅ ነው። ሚጢጢ ለእረፍት ስትመጣ እናደርገዋለን እያልን ቀጠሮ ስናሸጋግር ወንድ ልጅ ተወለደ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ሹፌሩ ልጁን ለማስመዝገብ ብቻውን መጣ፤ የመዝገቡ ሠራተኛ «ወንድ ብቻውን አይወልድም» ብሎ መለሰው። እዚህ ላይም የሚከራከራችሁ የለም። በማግሥቱ ድምቡሼ ራሷ ልጇን አቅፋ መጣች። መታወቂያ አልያዝኩም፣ ቁጥሩን ግን በቃሌ አውቀዋለሁ አለች። ያን ቀን መስኮቱ ላይ የነበረችው ሠራተኛ ቁጥሩን አስገብታ አየች፤ ተጠራጠረችና ኮሌጁ ድረስ ስልክ ደወለች። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ አልተቆጣም፤ ልጅ የሚያጠባ ሰው አይቆጡም። «እህቴ፣ እርስዎ እኮ አሁን ክፍል ውስጥ ነዎት» አለቻት።

ድምቡሼ እየሣቀች ነበር የነገረችኝ። ከዚያ ሣቁን አቆመችና፣ ለአፍታ ያህል እውነትም እዚያ ክፍል ውስጥ የተቀመጥኩ መሰለኝ አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደንበኛ ስታሥቅ አላየኋትም። ልጁን ታጠባለች፣ ታጥባለች፣ ታስተኛለች፤ እጇ ይሠራል፣ እሷ ግን የለችም። ባሏ ከመንገድ ሲመለስ መኪናውን አቁሞ ጭነቱ ላይ ይቀመጣል እንጂ ቶሎ አይገባም።

አራተኛ ልል ነበር። ግን እዚህ ላይ ሚጢጢ ስለመጣች ቁጥሩን ልተወው።

ልትመረቅ ጥቂት ወራት ሲቀሯት ነው ትምህርቷን ጥላ የመጣችው። ሻንጣዋን በሩ ሥር አስቀመጠች፤ የእህቷን ልጅ ተቀብላ አቀፈችው፤ እምብርቱን አየች፣ ጭንቅላቱን ዳሰሰች፣ ክብደቱን በእጇ ገመተች፤ ደህና ነው አለች። ከዚያ ለእህቷ፣ እኛ ሁላችን እየሰማን፣ «በአንድ ላይ ይዩን። ሁለታችንን ጎን ለጎን አይተው አንድ ናችሁ ይሉ እንደሆን እንስማቸው» አለቻት። ድምቡሼ ፈራች። ወረቀቱ ቢወሰድብሽስ፣ ትምህርትሽስ አለቻት። ሚጢጢ ይህ ልጅ የእኔን ሕይወት ሲደግም ቆሜ አላይም አለች። አልተጨቃጨቁም። ልጅ ሆነውም እንዲሁ ነበሩ።

ክቡር ሆይ፣ ያን ቀን በመገኘትዎ እስከ ዛሬ ባለ ዕዳዎ ነኝ። ሁለቱ እህትማማቾች፣ እናታቸው፣ ሕፃኑና እኔ ቢሮዎ ገባን። ተነሥተው ተቀበሉን፤ ለባለቤቴ የገዛ ወንበርዎን ሰጡ። ነገሩን ሳያቋርጡ ሰሙን። ከእርስዎ በፊት እንዲህ አድርጎ የሰማን ሰው አልነበረም። ባለቤቴም እጄን ያዘች፤ ሰው ፊት ይዛኝ አታውቅም። እርስዎ ሁለቱን ልጆች ተራ በተራ ሲያዩ ቆዩና ጠየቁ፦

«ከሁለታችሁ እውነተኛዋ የትኛዋ ናት?»

ምን እንዳሉ ያኔውኑ የገባት ሚጢጢ ብቻ ነች። «የተመዘገበችው እሷ ናት፤ የተማርኩት እኔ ነኝ» አለች። እርስዎም ቀስ ብለው ጻፉት። አመስግነውንም አሰናበቱን። ሕፃኑ ኮሌታዎን ይዞ አልለቅ ስላለ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቁት እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ በጣም በዝግታ ነበር ያላቀቁት፤ ባለቤቴ አሁንም ታነሣዋለች።

ከዚያ የሆነውን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ የጽሕፈት ቤትዎ ፍጥነት ግን ምስጋና ሳይቸረው እንዳይቀር ላስታውስ። የልደት ምስክር ወረቀቱ ከአንድ ሰው በላይ የተገለገለበት በመሆኑ ተሰረዘ። ወረቀቱ ሲሰረዝ መታወቂያው ተሰረዘ፤ መታወቂያው ሲሰረዝ የኮሌጁ ውጤት ተሰረዘ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረት ስለ እኛ ቤት የተተረተ ይመስላል። ሁለት ልጆቼ አንዱን ወረቀት ሲሻሙ ያይ የነበረ አባት ዛሬ በልጆቹ መካከል ምንም ልዩነት አያይም። ወላጅ ሁሉ የሚመኘውን እኩልነት ሰጥታችሁናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።

አሁን ሁለቱም እኔ ጋ ይሠራሉ። ሚጢጢ መስታወት መቁረጥ ተማረች፤ እጇ የተረጋጋ ነው፤ ለሌላ ነገር የተለማመደ እጅ ነው። ሠፈር ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር ይጠሯታል፤ አትሄድም። ፈቃድ የለኝም ትላለች። በጨቅላ ልቅሶ ስትደነግጥ አይቻታለሁ፤ ከደነገጠች በኋላ ግን ተመልሳ ወደ ሥራዋ ታቀረቅራለች። እኔም እሷን ሳይ ማዘን እንዳለብኝ አውቃለሁ። ማወቄን አውቃለሁ፤ ኀዘኑ ግን አይመጣም። ልክ ጥርስ ሊነቀል ሲል እንደሚደነዝዝ ድድ፣ ሲነኩኝ ይታወቀኛል እንጂ አያመኝም።

በቅርቡ የክስ ወረቀት ደረሰን። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆሞ ሲያነብልን ሁላችንም ቆመን አዳመጥን። አንደኛ ተከሳሽ ድምቡሼ ናት፤ በሙሉ የመዝገብ ስሟ። ከሥሯ እንዲህ ይላል፦ «ሁለተኛ ተከሳሽ፦ ስሟ በማንኛውም መዝገብ ያልተገኘ፣ የአንደኛ ተከሳሽ መንታ እህት።»

ባለቤቴ ፖሊሱን እንዲደግምላት ለመነችው። ደገመላት። መንታ እህት የሚለው ላይ ሲደርስ ዓይኗን ጨፈነች። ክቡር ሆይ፣ ሚጢጢ ከተወለደች ጀምሮ መንግሥት ሁለት መሆናቸውን በማኅተም ያመነበት የመጀመሪያው ወረቀት ይህ ነው። በማግሥቱ ባለቤቴ ወረቀቱን በፌስታል ሸፍና ወደ እናንተ ወሰደችው፤ ይኸው ማስረጃ፣ አሁን መዝግቡልኝ አለች። ሠራተኛው ማኅተሙን አገላብጦ አየና ትክክለኛ መሆኑን አረጋገጠላት። ነገር ግን «እናቴ፣ ይህ እኮ የክስ ወረቀት እንጂ የልደት ወረቀት አይደለም። ልጅዎ መከሰስ ትችላለች ማለት ተወልዳለች ማለት አይደለም» አላት። ባለቤቴ አመስግናው ተመለሰች።

ችሎቱ ቀጠሮ ይዟል፤ ሁለቱም ይቀርባሉ። ጠበቃ የለንም። ሚጢጢን በችሎት ምን ትያለሽ ብዬ ብጠይቃት፣ ስሜን ሲጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ፣ መዝጋቢው ይጽፈዋል አለችኝ። ከዚያ በላይ የምትጠብቀው ነገር የለም። ሲፈረድባትም በስሟ እንዲሆን ብቻ ነው የምትፈልገው።

እንግዲህ ክቡርነትዎን ብዙ አድክሜያለሁና በዚሁ ላብቃ። ላደረጉልን መስተንግዶ፣ ለሰጡን ወንበር፣ ለጠየቁን ጥያቄ፣ ሁለት ሰው አይተው አንድም ላለማግኘት ለከፈሉት ድካም፣ ከነቤተሰቤ ያለኝን የማያልቅ ምስጋና እየገለጽኩ፣ ሥራዎ የተቃና፣ መዝገብዎ የጠራ፣ የልጅ ልጆችዎ ሁሉ ከነስማቸው የተጻፉ እንዲሆኑ ከልብ በመመኘት እሰናበታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የአንደኛ ተከሳሽና የሁለተኛ ተከሳሽ አባት፣
መስታወት ቆራጩ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የልጅ ልጄ መቆም ጀምሯል። እስካሁን ምንም ወንጀል ስላልሠራ ስለ መኖሩ ማስረጃ የለንም። ሰው ከስንት ዓመቱ ጀምሮ ሊከሰስ እንደሚችል በደግነትዎ ቢያሳውቁን፣ እስከዚያው ድረስ በትዕግሥት እናሳድገዋለን።